የሐዋርያዊ ጉዞ መልስ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ከከተማ ወጥተው የተቸገሩ የገጠር አጥቢያዎችን የሚጎበኙበት መርሐ ግብር ሐዋርያዊ ጉዞ ይባላል። ሲሄዱ አውቶቡሱ ላይ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብና ልብሰ ተክህኖ ይጫናል። ዘቢቡ ቀላል ስጦታ እንዳይመስል፤ ለቅዳሴው የሚቀርበው ወይን የሚዘጋጀው ከእርሱ ስለሆነ ዘቢብ ያጣ አጥቢያ መቀደስ ይቸግረዋል።

ይበልጥ የሚያስመሰግነው ግን መልሱ ነው። ተጓዡ ጫማው ጭቃ እንደያዘ፣ ነጠላው አቧራ እንደጠጣ፣ መንገዱን በመዝሙር እየገፋ ከተማ ይገባል። የአጥቢያው እናቶች ከሌላቸው ላይ ቆሎና ዳቦ ሳይቋጥሩ አይሸኙም፤ ሊሰጥ የሄደው ተቀብሎ ይመለሳል። ከዚያ በጉባኤ ፊት የታየው ይነገራል፦ ጣራው የሚያፈስ መቅደስ፣ ደመወዝ የማያገኝ ካህን፣ በጎጆ ተጨናንቆ የሚያድር የአብነት ተማሪ። ልማዱ ጥንታዊ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 እንደሚተርከው ጳውሎስና በርናባስ ወደ አንጾኪያ በተመለሱ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑን ሰብስበው እግዚአብሔር ከእነርሱ ጋር ያደረገውን ሁሉ ተናግረዋል።

አንዳንዴ ሪፖርቱ ፎቶ ከማሳየት አያልፍም፤ የድሃን ችግር ማሳያ ማድረግ ደግሞ ያሳፍራል። ደህናው ሪፖርት ስንት ቆርቆሮ፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደሚያስፈልግ፣ ማን እንደሚከታተለው ጭምር ይናገራል። ለጉዞ የሚነሣ ማኅበር ሁሉ ይህን አይቶ የሚገምት አንድ አናጺ አብሮ ቢወስድ ይበጃል።