ዝንብ የሆነችው ምራት

አንዲት ምራት አለች። ደግና ታጋሽ ናት፤ ቤቱን ደግፋ ያቆመችው እሷ ናት። አንድ ቀን ድግምት ይደረግባትና ዝንብ ትሆናለች። አዎ፣ ዝንብ። በገዛ ቤቷ ውስጥ እየበረረች ሁሉን ታያለች፣ ሁሉን ትሰማለች፤ እሷን ግን የሚያውቃት የለም። ይህ ለሕፃናት የሚነገር ተረት አይደለም። «ሳሱራል ሲማር ካ» የተባለው የህንድ ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. በ2016 ለአዋቂ ተመልካች ያቀረበው ታሪክ ነው። በአገሩም ብዙ ተሳቀበት። ድራማው ግን ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት ያህል ቀጠለ።

በየኅብረታችን ስለ እንዲህ ያለ ድራማ ሁለት መልስ እንሰማለን። አንዱ «የጥንቆላ ነገር ነው፤ ዝጉት» ይላል። ሌላው «መዝናኛ ነው፤ ምን አካበዳችሁት» ይላል። ሁለቱም የሚዘሉት ጥያቄ አለ። ይህን ያህል የማይመስል ነገር ለምን ይይዘናል? መብራት ጠፍቶ አንድ ክፍል ያመለጠው ሰው በማግስቱ ከጎረቤት ሳይጠይቅ የማያድረው ለምንድን ነው? ዝጉ ከማለታችንም፣ ተዉት ከማለታችንም በፊት ይህን ብንመረምር ይሻላል።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ፊልም በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። የየዕለት ድራማ ግን ማለቅ አይፈቀድለትም፤ ተመልካች እስካለው ድረስ ይቀጥላል። «ሳሱራል ሲማር ካ» እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀምር ዝንብም እባብም አልነበረበትም። ጭፈራ የምትወድ ልጃገረድ፣ አንድ ቤት የገቡ ሁለት እኅትማማቾች፣ የአማትና የምራት ነገር፤ ይኸው ነበር። በ2018 እስኪያበቃ ግን ከ2,000 በላይ ክፍሎች ተሠሩለት። አማትና ምራት በ2,000 ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ተጣልተው ስንት ጊዜ ይታረቃሉ? የሰው ጠብ ሲያልቅበት ጸሐፊው የመናፍስትን በር ያንኳኳል።

ይህን በር መጀመሪያ ያንኳኩት ህንዶች አይደሉም። በአሜሪካ ኤቢሲ የተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1966 «ዳርክ ሻዶውስ» የሚል የከሰዓት በኋላ ድራማ ጀመረ። በአንድ አሮጌ ትልቅ ቤት ውስጥ ስላለ ቤተ ሰብ የሚተርክ ነበር፤ ተመልካቹ ግን ጥቂት ሆነ። አዘጋጆቹ መንፈስ አስገቡበት። በ1967 ደግሞ ባርናባስ የሚባል ደም መጣጭ ከሬሳ ሣጥን እንዲወጣ አደረጉ። ለአጭር ጊዜ ታስቦ የገባው ባርናባስ የድራማው ዋና ሰው ሆነ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ እሱን ለማየት ወደ ቤት ይሮጡ ጀመር። ድራማው 1,225 ክፍል ቆይቶ በ1971 አበቃ። በጥድፊያ ስለሚቀረጽ ማይክሮፎኑ ከተዋናዩ ራስ በላይ ይታያል፤ ተዋናዩም ቃሉን ይረሳል። ተመልካቹ ግን አልተወውም። ስለዚህ «እውነት አይመስልም» ማለት ብቻውን ሂስ አይሆንም። ተመልካቹ እውነት እንደማይመስል ከእኛ በፊት ያውቃል። የሚይዘው ሌላ ነገር ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። በአማርኛ ድምፅ የተሠራ የውጭ ድራማ በየቤቱ የገባው በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር ነው። የአገራችን የኪነ ጥበብ ሰዎች ያን ጊዜ አጥብቀው ተቃወሙት፤ ስለ እንጀራቸውም ስለ ባህልም ሰጉ። እንደ «ጥቁር ፍቅር» ያሉት የቱርክ ድራማዎች የፍቅርና የወንጀል ታሪኮች እንጂ የመናፍስት አልነበሩም። ሆኖም የሩቅ አገር ሰው በእናታችን ቋንቋ ሲያለቅስ መስማትን አስለመዱን። በኋላ ዚ ዓለም የህንዱን ቤት በአማርኛ ይዞልን መጣ። አማቲቱ ስትቆጣ የምንሰማው የምናውቀውን ቁጣ ነው፤ ምራቲቱ ስትለምን የምንሰማው የምናውቀውን ልመና ነው።

በሮቢትና በቆቦ ለምንኖር ለእኛ ደግሞ ነገሩ ከሌላው የበለጠ ቅርብ ነው። አዲስ ሙሽራ ወደ ባሏ ወላጆች ግቢ ስትገባ ምን እንደሚጠብቃት እናውቃለን። ማሽላውን ትፈጫለች፣ ውኃውን ትቀዳለች፣ ቡናውን ታፈላለች፤ ስለ ገንዘብ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ልጅ ሲመከር ግን እሷን የሚጠይቃት የለም። በየክፍሉ ትገባለች፣ ትወጣለች፤ የቤቱን ምስጢር ሁሉ ታውቃለች። ስትናገር ግን ድምፅዋ ዝንብ እንዳለፈች ያህል ነው፤ በእጅ እሽ ይባላል።

እንግዲህ ዝንቧን መልሳችሁ ተመልከቷት። በእኔ ግምት ያ የተሳቀበት ታሪክ ከመቶ የዕንባ ክፍሎች ይልቅ እውነት ተናግሯል። ጸሐፊዎቹ አስበውበት ይሁን ሳያስቡት ግድ አይሰጠኝም። በቤቷ የማትሰማ ሴት ምን እንደምትመስል በአንድ ሥዕል አሳይተዋል። ማሽላዋን አበጥራ፣ ሊጡን አቡክታ፣ ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ደቂቃ የምትቀመጥ እናት ይህን ስታይ የምትስቀው በሞኝነት አይደለም። ምናልባት የምትስቀው ስላወቀችው ነው።

ሁለተኛው የሚይዘን ነገር የተሰወረው ይገለጣል የሚለው ተስፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በህንዱ ከለርስ ቴሌቪዥን የጀመረውን «ናጊን»ን ውሰዱ። ሺቫንያ የምትባለው ሴት በፈለገች ጊዜ እባብ መሆን ትችላለች። ወላጆቿ ተገድለዋል። ገዳዮቹ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ የሚከስሳቸው ዳኛ፣ የሚመሰክርባቸው ሰው የለም። እሷ ግን ሙሽራ ሆና ወደ እነሱው ቤት ትገባለች፤ አንድ በአንድም ትደርስባቸዋለች።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ይህ ጥማት ለእኛ ሸለቆ ጨዋታ አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ክረምቶች ጦርነቱ በዚህ መንገድ አለፈ። ማን ምን እንዳደረገ ገና ያልተነገረባቸው ቤቶች አሉ። ሐዘናቸው ያልወጣላቸው እናቶች በየኅብረታችን አጠገባችን ይቀመጣሉ። እንዲህ ላለ ሰው የተደበቀ ግፍ ሲገለጥ ማየት በቴሌቪዥንም ቢሆን እረፍት ይሰጣል። ይህን ጥማት «ሥጋዊ» ብላችሁ አታቃልሉት። መጽሐፍ ቅዱስም የተሰወረ ሁሉ እንደሚገለጥ ያስተምራል፤ መዝሙረ ዳዊትም ፍርድ እስከ መቼ ይዘገያል በሚል ጩኸት የተሞላ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። ሂሴ በመልሱ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሂሴ ክፋት በእነዚህ ድራማዎች ውስጥ የሰው አለመሆኑ ነው። ክፉዋ ስትገባ ከበሮው ይመታል፣ መብረቁ ያበራል፣ ፊቷ ሦስት ጊዜ ይቀርብልናል። ከውስጥ ደግሞ ሌላ አካል አላት፤ ጠንቋይ ናት ወይም እባብ ናት። እንግዲህ እኛ ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ቡዳ ሲባል ጣት የሚቀሰረው በማን ላይ እንደሆነም እናውቃለን፤ ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ ናቸው የሚከፍሉት። ማረሻችንን እየሳሉልን፣ ምጣዳችንን እየሠሩልን፣ ልጅ ሲታመም ስማቸው ይነሣል። ጎረቤት ውስጡ ሌላ ፍጥረት ነው ብሎ በየቀኑ የሚያሳይ ድራማ እንዲህ ባለ ቦታ መዝናኛ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የቆየ ፍርሃትን ይቀልባል። ጦርነት ያለፈበት ሰው ደግሞ ጠላቱን ሰው አይደለም ብሎ ለማመን ብዙ ማስረጃ አይፈልግም።

መናፍስት የሉም እያልኩ አይደለም፤ ወንጌልን የምናነብ ሰዎች እንዲህ አንልም። ነገር ግን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በመቃብር ይኖር የነበረውን ሰው አስቡት። የሚወጣው መንፈሱ ነው፤ ሰውየው ልብሱን ለብሶ፣ አእምሮው ተመልሶለት ወደ ቤቱ ይላካል። በድራማው ውስጥ ግን መንፈሱና ሰውየው ተለይተው አያውቁም። ጠንቋይዋ ስትሸነፍ ትቃጠላለች፤ እኛም እናጨበጭባለን። ወደ ቤቷ የሚመልሳት የለም።

ሁለተኛው ሂሴ ከመጀመሪያው ይከብዳል። በእነዚህ ድራማዎች ውስጥ በቀል አያልቅም። ማለቅም አይችልም፤ ካለቀ ድራማው ያልቃልና። ሺቫንያ አንዱን ጠላት ስትጨርስ ሌላ ይገለጣል፤ እሷ ስታበቃ ልጇ ትቀጥላለች። «ናጊን» ስድስት ምዕራፍ አልፎም አላቆመም። ገዳዩ ከተጸጸተ የነገው ክፍል ምን ይተርካል? ስለዚህ ንስሐ ቢመጣም እስከ ማስታወቂያው ድረስ ብቻ ይቆያል።

አባቶቻችን በዚህ ነገር ከቴሌቪዥኑ የተሻለ ጥበብ ነበራቸው። በራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባል የሽምግልና ሥርዓት እንዳለ ታውቃላችሁ። ደም የተቃቡ ሁለት ወገኖች መካከል ሽማግሌዎች ሲገቡ ዋና ሥራቸው ደም ማድረቅ ነው። ይህ ቀላል አይደለም፤ ገዳዩ ጥፋቱን ማመን አለበት፣ ካሣ መክፈል አለበት፣ የሟች ወገንም መስማት አለበት። የዚህ ሁሉ ድካም ዓላማ አንድ ነው፤ ታሪኩ እዚህ ላይ እንዲያበቃ፣ ወደ ልጅ ልጅ እንዳይሻገር ነው። ሽማግሌው ለመጨረሻው ክፍል ይሠራል። ድራማው ግን ሁልጊዜ ለነገው ክፍል ይሠራል።

ያለ ድራማ ምን እንያዝ ብትሉኝ ዘፍጥረት ከ37 እስከ 50 ድረስ ያለውን በአንድ ቁጭታ አንብቡት። የየዕለት ድራማ የሚወደው ሁሉ አለበት። የተካደ ወንድም አለ፤ በደም የተነከረ ልብስ አለ፤ የሐሰት ክስ አለ፤ ሕልም አለ። በደለኞቹ በተበዳዩ ፊት ቆመው አያውቁትም፤ እሱ በአስተርጓሚ እያናገራቸው ቋንቋቸውን ይሰማል፤ በአንዱ ስልቻ ጽዋ ያስደብቃል። እንደ ሺቫንያ ሁሉ ዮሴፍም ራሱን ሰውሮ ጠላቶቹን በእጁ አስገብቷል። ተራኪው ግን ሺቫንያ የማታደርገውን ያሳየናል፤ ዮሴፍ ዘወር ብሎ ያለቅሳል። ወንድሞቹ መለወጣቸውን እስኪያይ ይፈትናቸዋል፤ በደሉን እንዳልነበረ አይቆጥረውም። ከዚያ ራሱን ይገልጣል።

በመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ አባታቸው ሲሞት ወንድሞቹ ይፈራሉ፤ አሁን በቀሉ ይጀምራል ብለው ያስባሉ። እነሱ የሚያውቁት የድራማውን ሕግ ነው፤ ሌላ ምዕራፍ እንደሚቀጥል እርግጠኞች ናቸው። ዮሴፍ እንደገና ያለቅሳል፤ ፍርድ የእሱ ሳይሆን የእግዚአብሔር መሆኑንም ይነግራቸዋል። ታሪኩ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ሮሜ 12 ስለ በቀል የሚያስተምረውም እዚህ ተተርኮ ይገኛል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ሞክሩ። እናታችሁ ወይም የወንድማችሁ ሚስት ድራማዋን ስታይ ሪሞቱን አትንጠቁ፤ ስብከትም አትጀምሩ። አጠገቧ ተቀመጡና እስከ መጨረሻው አብራችኋት እዩ። ሲያልቅ ሁለት ነገር ጠይቋት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ማን ያሳዝንሻል? መጨረሻው ምን እንዲሆን ትፈልጊያለሽ? ምናልባት መልሷ ስለ ህንዷ ምራት ብቻ ላይሆን ይችላል። ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑን ዝቅ አድርጉትና አዳምጧት።