ቅጽል የሌለበት የሕይወት ታሪክ

አባቱ በቅርቡ ያረፈበት አንድ ወጣት ለቀብሩ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሊጽፍ ተቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ከትውልድ ዘመኑ ልጀምር ወይስ ከጠባዩ?» ሲል ጠየቀኝ። ከሁለቱም አትጀምር አልኩት። ደመወዝ የተቀበለ ዕለት ምን ያደርግ ነበር? የዕረፍት ቀኑስ እንዴት ያልፍ ነበር? እሱን ጽፈህ አምጣልኝ።

እዚህ ቺካጎ ያለው የዕድራችን ጸሐፊ በዚህ አይስማማም። ለእሱ የሕይወት ታሪክ ማለት ትውልድ፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ትዳር፣ የልጆች ቁጥር፣ ከዚያም «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለቤተሰባቸው የኖሩ» የሚለው ነው። ሐዘንተኛ የሚሻው መጽናናት እንጂ ዝርዝር አይደለም ይላል። ስንቱን ለቅሶ ከፊት ቆሞ ያስተናገደ፣ የማከብረው ሰው ነው፤ በዚህ ነገር ግን ተሳስቷል። ለቤተሰቡ አልኖረም የተባለ ሟች እስካሁን አልሰማሁም። ስሙን ብቻ ቀይረው ቢያነቡት የጎረቤት ታሪክ የሚሆን ጽሑፍ ማንን ያጽናናል?

ለዚህ ክርክር የምጠራው ምስክር የአገሬን ሰው ሳይሆን አንድ ዩክሬናዊ አባት ነው። ልጃቸው የሥራ ባልደረባዬ ነበረች። ለእኛ ሰው የሕይወት ታሪክ እንደምጽፍ ስለምታውቅ፣ አባቷ ሲያርፉ እርዳኝ አለችኝ። ባመጣችው ወረቀት ላይ የሰፈረው «ዝምተኛ፣ ታታሪ፣ ቤተሰቡን የሚወድ» የሚል ነበር። ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጌ ስለ ቅዳሜ ጠየቅኳት።

«ቅዳሜማ የዩክሬን ትምህርት ቤት ያደርሰን ነበር» አለች። አባትየው ብረት ማቅለጫ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠሩ ነበር። ዓርብ ሌሊቱን ሙሉ ሠርተው፣ በማግስቱ ልጆቹን ቋንቋቸውንና ታሪካቸውን ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ይወስዳሉ። ወደ ቤት አይመለሱም፤ «ስቮቦዳ»ን ይዘው መኪና ውስጥ ይጠብቃሉ። ስቮቦዳ እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚታተም የዩክሬን ስደተኞች ጋዜጣ ነው። «ከገጽ እስከ ገጽ ያነበው ነበር» አለችኝ። ለማረጋገጥ እናቷ ዘንድ ደወለች። ያነቡት አልነበረም። ጋዜጣውን ፊታቸው ላይ ዘርግተው እንቅልፋቸውን ይተኙ ነበር፤ ልጆቹ ሊወጡ ሲሉ ነቅተው ገጽ ይገልጣሉ። አባታቸው እንደደከማቸው አይተው ትምህርቱን እንዳይተዉት ነው። ልጅቱ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። «ታታሪ» የሚለውን ቃል ያን ጊዜ ሰረዝነው፤ አላስፈለገንም።

ሌላው ሁሉ የመጣው በዚያች ቅዳሜ በኩል ነው። እናትየው አንዴ ከጀመሩ አላቆሙም። ልጆቹ የሚያውቁት በአባታቸው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ነው፤ የትውልድ ቦታቸው በልቪቭ አካባቢ ያለ መንደር ነው ይላል። እውነቱ ግን ሰውየው የፖልታቫ ልጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1933 ሚሊዮኖችን የፈጀውን ረሃብ በልጅነታቸው አይተውታል። በነሐሴ 1932 የወጣው የሶቪየት ሕግ ከጋራ እርሻው ጥቂት የእህል ዛላ የለቀመውን ሁሉ እንደ ሌባ የሚቆጥር፣ ቅጣቱም ሞት ወይም የ10 ዓመት እስራት ነበር፤ እናታቸው ግን ይለቅሙ ነበር። በ1942 ጀርመኖች ወጣቱን እያፈሱ ለግዳጅ ሥራ ሲወስዱ እሳቸውም ተወሰዱ፤ ደረታቸው ላይ «ኦስት» የሚል ምልክት ተሰፋ። ጦርነቱ ሲያበቃ ደግሞ የሶቪየት ዜጋ የሆነ ሁሉ ወደ አገሩ በግድ ይመለስ ተባለ። ከጦርነቱ በፊት በፖላንድ ሥር ከነበረው ከምዕራብ ዩክሬን የመጣ ግን አይገደድም ነበር። ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ ሁሉ በስደተኞቹ ካምፕ መዝገብ ላይ የሌላ ሰው መንደር አስጻፉ። አሜሪካ በ1948 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ መሠረት በመርከብ የተሻገሩትም በዚያው ወረቀት ነው። ተጋልጬ ልጆቼን ይዤ እባረራለሁ ብለው ዝም እንዳሉ ኖሩ። እናታቸውን ዳግም አላዩአቸውም።

እንግዲህ የዕድራችን ጸሐፊ ይፍረደኝ። ከትውልድ ቦታ የሚጀምረው ሥርዓት ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀብር ላይ በመጀመሪያው መስመር ውሸት ይነበብ ነበር። ያልዋሸው መኪና ውስጥ ያለፈው ቅዳሜ ነው።

ታሪኩን ልጅቱ ራሷ አነበበችው። ሁለት ገጽ አይሞላም፤ አንድም ቅጽል የለበትም። ቀጥሎ በማር የተለወሰ ቅቅል ስንዴ ቀረበ፤ በንፍሮ ለቅሶ ለተቀመጠ ሰው እንግዳ ነገር አልሆነብኝም። አርባውንም እንደኛው በጸሎት ያስቡታል፤ ሄጃለሁ። ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ ፖልታቫን በካርታ ላይ እያሳየኝ ነበር።

እኔን ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ ግን የራሴ አባት ነው። አባቴ ሲሞት የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አላለቀምና አገር ቤት መሄድ አልቻልኩም። የሕይወት ታሪኩን በስልክ አነበቡልኝ። ደግ፣ ቸር፣ ትሑት፣ ለቤተሰቡ የኖረ። አዳመጥኩ፣ አዳመጥኩ፤ አባቴ ውስጡ የለም። ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና የሚነዳ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር። ከአፋር በረሃ ሲመለስ በር ላይ ሆኖ ልብሱን ሳያራግፍ ወደ ቤት አይገባም። የእናቴን ብር በሸሚዝ ኪሱ፣ የራሱን በሱሪ ኪሱ ይይዝ ነበር፤ የሸሚዙ ሁልጊዜ ይበልጣል። ይህ የትም አልተጻፈም። የሰው ታሪክ ለመጻፍ የተነሣሁት የእሱን ስላጣሁ ነው፤ የእሱን ግን እስካሁን አልጨረስኩም፤ በመንገድ ላይ እንዴት ያለ ሰው እንደነበር አላውቅምና።

በደርግ ዘመን ከኮምቦልቻ አሰብ የነዳችሁ፣ ረዳት የነበራችሁ፣ በሚሌ ወይም በሎጊያ ሻይ ቤት የነበራችሁ፣ ገንዘቡን በሁለት ኪስ የሚይዝ ሹፌር የምታስታውሱ ካላችሁ በዚህ መጽሔት ዝግጅት ክፍል በኩል ጻፉልኝ። ደግ ነበር ብላችሁ ግን አትጻፉልኝ፤ ያደረገውን ንገሩኝ።