ጋሌናውን ወደን ጎረቤቶቹን ስንጥል

ኢንተርኔት ላይ «ጋሌና» ብላችሁ ፎቶ ፈልጉ። ጥቁር መደብ ላይ የተቀመጠ፣ በማሽን የተቆረጠ የሚመስል ግራጫ ኩብ ይመጣላችኋል። ጠርዙ ስለታም ነው፣ ፊቱ እንደ መስታወት ያበራል። ማንም አልቆረጠውም፤ ከመሬት ሥር እንዲያ ሆኖ ነው ያደገው። እኔም መጀመሪያ ሳየው አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት። ፎቶዎቹን ደጋግሜ ሳይ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፦ ድንጋዩ ብቻውን ነው። አጠገቡ ምን ነበር? ከየት ወጣ? ማን አወጣው? ፎቶው መልስ የለውም።

ማዕድን ሰብሳቢዎች «ምርጥ ናሙና» የሚሉት በአብዛኛው ያልተሸራረፈ፣ የሚያብረቀርቅና ቅርጹ የተሟላ ክሪስታል ነው። መስፈርቱ መጥፎ አይደለም። ግን እሱን ብቻ ከተከተልን ሙሽራዋን ቆርጦ አስቀርቶ ሚዜዎቹን፣ ዘመዶቹንና ቤቱን የጣለ የሰርግ ፎቶ ነው የሚኖረን። ሙሽራዋ ታምራለች፤ ሰርጉ ግን የት ነው?

መጀመሪያ ለሰብሳቢዎቹ እንፍረድላቸው

ጋሌና የእርሳስና የድኝ ውህድ ነው። ከክብደቱ 86.6 በመቶው እርሳስ ስለሆነ አንድ ሊትር ወተት የሚያህል ጋሌና 7.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አተሞቹ የተደረደሩት ልክ እንደ ገበታ ጨው ነው፤ ኩብ መሆን የሚወደውም ለዚህ ነው። ችግሩ ለስላሳ መሆኑ ነው። ጥንካሬው ከጥፍራችን ብዙም አይበልጥም፤ በሦስት አቅጣጫ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ከእጅ ቢያመልጥ ወደ ትንንሽ ኩቦች ይበታተናል። ያልተጎዳ ጋሌና ብርቅ ነው ሲሉን እንግዲህ ውሸት አይደለም።

ሌላም ውለታ አላቸው። በአሜሪካ የሚዙሪ፣ የካንሳስና የኦክላሆማ ግዛቶች የሚገናኙበት «ትራይ ስቴት» የሚባል የማዕድን አካባቢ አለ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ እ.ኤ.አ. 1970 ገደማ እርሳስና ዚንክ ሲወጣበት ኖሯል። እንዲያውም ካንሳስ ውስጥ ስሟ ጋሌና የሆነ ከተማ አለች። ከዚያ ከወጣው ጋሌና አብዛኛው ተፈጭቶ ወደ ማቅለጫ ሄደ። ዛሬ በየሙዚየሙ የምናየው የተረፈው፣ ቆፋሪዎች በምሳ ዕቃቸው ደብቀው ስላወጡትና የሚገዛቸው ሰብሳቢ ስለነበረ ነው።

ጎረቤቶቹ ምን ያውቃሉ?

አሁን ወደ ትችቴ ልግባ። የትራይ ስቴት ናሙና ሙሉ ሆኖ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ሥሩ ባልጩት መሰል ድንጋይ ነው። በላዩ ጠርዛቸው እንደ ኮርቻ የተቆለመመ ትንንሽ የዶሎማይት ክሪስታሎች ይኖራሉ። ከዚያ ጠቆር ያለ ቀይ ቡናማ ስፋለራይት፣ ይኸውም የዚንክ ማዕድን፣ ከዚያም የጋሌና ኩብ፣ እዚህም እዚያም ወርቅ የሚመስሉ የቻልኮፓይራይት ነጠብጣቦች አሉ። አንዳንዴ ከሁሉም በላይ ማር የመሰለ ትልቅ ካልሳይት ይቀመጣል።

ይህ ድርድር ጌጥ ብቻ አይደለም። ወጥ የፈሰሰበት እንጀራ ስታዩ የቱ ቀድሞ እንደቀረበ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ አይደል? በድንጋዩም ላይ ከላይ የተቀመጠው ክሪስታል ከሥሩ ካለው በኋላ ነው ያደገው። አንዳንዶቹ አብረው ስለሚያድጉና አንዱ ማዕድን ሁለት ሦስት ጊዜ ስለሚመለስ ንባቡ ሁልጊዜ ቀላል አይሆንም። ቢሆንም ታሪኩ የሚነበበው ከዚያው ነው።

ከዚህ የሚብስም አለ። ጋሌና ብርሃን አያሳልፍም፤ በተራ ማይክሮስኮፕ ውስጡን ማየት አይቻልም። ስፋለራይትና ካልሳይት ግን ያሳልፋሉ። ክሪስታሎቹ ሲያድጉ በዙሪያቸው ከነበረው ፈሳሽ ጥቃቅን ጠብታዎች ውስጣቸው ይዘው ቀርተዋል። ጠብታዋ ስትቀዘቅዝ ስለምትኮማተር መሃሏ ላይ የአየር አረፋ የሚመስል ነገር ይፈጠራል። ተመራማሪዎች ድንጋዩን ቀስ እያሉ ያሞቁትና አረፋው የሚጠፋበትን ሙቀት ይመዘግባሉ። ክሪስታሉ ቢያንስ በዚያ ሙቀት ነው ያደገው ማለት ነው። በትራይ ስቴት የተገኘው ውጤት በአብዛኛው ከ80 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ክልል ነው፤ ፈሳሹም ከባሕር ውሃ እጅግ የበለጠ ጨዋማ ነበር። ሞቃት ጨዋማ ውሃ በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ እየተጓዘ ብረቶቹን እንዳስቀመጠ ያወቅነው በዚህ መንገድ ነው። ጋሌናው ራሱ ሊነግረን ያልቻለውን ጎረቤቱ ተናገረ!

ታድያ አንዳንድ ሰብሳቢና ነጋዴ ምን ያደርጋል? ጋሌናው «ጎልቶ እንዲታይ» ካልሳይቱን በአሲድ አሟሙቶ ያጥባል። ምስክሩን ከችሎቱ ያስወጣል ማለት ነው። የወደቀን ኩብ ሌላ ድንጋይ ላይ በሙጫ የሚለጥፍም አይጠፋም። ያኔ ናሙናው ምስክር ማጣት ብቻ ሳይሆን የሐሰት ምስክር ይሆናል። (ይህን እቤት ልሞክር እንዳትሉ፤ አሲድ ጋሌናን ሲነካ የሚወጣው ጋዝ መርዛማ ነው።)

«ካልሳይቱ ጋሌናውን ጨርሶ ከሸፈነውስ? ማጽዳቱ ያልታየውን ያሳያል እኮ» የሚል ክርክር አለ። እውነትነት አለው። ግን ከማጠቡ በፊት ፎቶ ማንሳትና ምን እንደተነሳ መጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ጥፋቱ ማጽዳቱ ላይ ሳይሆን ዝም መባሉ ላይ ነው።

ገና ያልመጣ ዕድሜ

የቦታ ስምም እንደዚሁ ነው። ከቡልጋሪያው ማዳን የሚመጣ ጋሌና ብዙ ጊዜ ከኳርትዝ ጋር ነው፤ የትራይ ስቴቱ ደግሞ ከካልሳይትና ከዶሎማይት ጋር። ብቻቸውን ቢቀመጡ ግን ሁለቱም ግራጫ ኩብ ናቸው።

የቦታ ስም ምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ ልጨምር። ዩራኒየምና ቶሪየም ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ ስለሚለወጡ፣ ሳይንቲስቶች በጋሌና ውስጥ ያሉትን የእርሳስ ዓይነቶች መጠን አወዳድረው ዕድሜውን ለመገመት ይሞክራሉ። ትራይ ስቴት ውስጥ ካለችው ከጆፕሊን ከተማ አካባቢ የወጣውን ጋሌና በተለመደው ስሌት ሲያሰሉት ግን ዕድሜው ወደፊት ሆኖ ወጣ! በስሌቱ መሠረት ድንጋዩ ገና አልተወለደም ማለት ነው። ምክንያቱ ጨዋማው ውሃ ባለፈባቸው አለቶች ውስጥ ከዩራኒየምና ከቶሪየም የተገኘ ተጨማሪ እርሳስ ይዞ መምጣቱ ነው። ይህ ባሕርይ ዛሬም በጆፕሊን ስም ይጠራል። እነዚያ ናሙናዎች «ጋሌና፣ ቆንጆ» ብቻ ተብሎ ተጽፎባቸው ቢሆን እንቆቅልሹ ከየት እንደመጣ እንኳ አይታወቅም ነበር።

ወረቀቱ ላይ ብቻ የቀረች ከተማ

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ዝምታ ይኼኛው ነው። በብዙ የትራይ ስቴት ናሙናዎች መግለጫ ላይ «ፒቸር፣ ኦክላሆማ» ይነበባል። ፒቸር በኳፓው ሕዝብ ምድር ላይ የቆመች የቆፋሪዎች ከተማ ነበረች። ቁፋሮው ሲያበቃ እርሳስ ያዘለ የድንጋይ ጥራጊ እንደ ተራራ ተከምሮ ቀረ፤ ልጆች ይጫወቱበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 አካባቢው በአገሪቱ አስቸኳይ ጽዳት ከሚያስፈልጋቸው የተበከሉ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። በ1990ዎቹ የከተማዋ ሕፃናት ደም ሲመረመር ከሦስቱ የአንዱ ያህል የእርሳስ መጠን ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘ። በ2006 ብዙዎቹ ቤቶች የቆሙት ሊደረመስ በሚችል ባዶ ዋሻ ላይ እንደሆነ ታወቀ። በ2008 አውሎ ነፋስ መታት፤ በ2009 የከተማ አስተዳደሩ ተዘጋ። ዛሬ «ፒቸር» የሚለው ስም ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የሰብሳቢዎች መደርደሪያ ነው።

ለኛም ሩቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በመካከለኛው ምሥራቅና በአፍሪካ የሚሸጡ ብዙ የኩል ዓይነቶች ሲመረመሩ ዋና ይዘታቸው የተፈጨ ጋሌና ሆኖ ተገኝቷል። ሙሉ ድንጋዩን ይዞ እጅን መታጠብ አንድ ነገር ነው፤ ዱቄቱን ሕፃን ልጅ ዓይን ላይ መኳል ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

ሰብሳቢው ፒቸርን አላጠፋትም። ያንን ጋሌና ቢገዛም ባይገዛም ቁፋሮው ይካሄድ ነበር። ግን የከተማዋን ስም ለዋጋ መጨመሪያ ሲጠቀምበት አንድ መስመር ታሪኳን አለመጻፉ ያስተዛዝባል።

ስለዚህ ምርጥ ናሙና ምረጥ ብባል፣ ጠርዙ ትንሽ የተሸረፈውን፣ ግን ዶሎማይቱና ስፋለራይቱ ሳይነካ ያለውን፣ የጉድጓዱ ስምና የወጣበት ዓመት የተጻፈበትን እመርጣለሁ። እናንተም ለመጀመር ጋሌና አያስፈልጋችሁም። ከወንዝ ዳር ወይም ከመንገድ ቁፋሮ አንድ ድንጋይ ስታነሱ ሳታጥቡት ፎቶ አንሱት። ከዚያ ቦታውን፣ ቀኑንና አጠገቡ ምን እንደነበር በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ወረቀቱ እንዳይጠፋባችሁ ብቻ።