ካልሃናን በካሽሚር ሊቃውንት ዐይን ማንበብ

ካሽሚራዊው ባለቅኔ ካልሃና እ.ኤ.አ. በ1148 ጀምሮ በ1150 የፈጸመው «ራጃታራንጊኒ» («የነገሥታት ወንዝ») በስምንት መጻሕፍትና በ7,800 ገደማ ስንኞች የካሽሚርን ነገሥታት ከጥንት እስከ ደራሲው ዘመን ይተርካል። ኦረል ስታይን በሦስት ወራሾች እጅ ተከፋፍሎ የቆየውን ዋና ቅጂ አግኝቶ በ1892 ሳንስክሪቱን፣ በ1900 ደግሞ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ካሳተመ ወዲህ መጽሐፉ የሚወደሰውም የሚወቀሰውም በታሪክ ሚዛን ነው። አወዳሾቹ ደራሲው አሥራ አንድ ቀደምት ዜና መዋዕሎችን መመርመሩን፣ የቤተ መቅደስ ጽሑፎችን ማገናዘቡን፣ ያለፈውን የሚተርክ ሰው እንደ ዳኛ ከፍቅርና ከጥላቻ የጸዳ መሆን አለበት ማለቱን ይጠቅሳሉ። ወቃሾቹ በሦስተኛው መጽሐፍ ራናዲትያ ለተባለ አንድ ንጉሥ 300 የንግሥና ዓመት መስጠቱን ያነሣሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚዘሉት ነገር አለ። ካልሃና በመግቢያው ላይ በሥራው ውስጥ ከስሜቶች ሁሉ በላይ የሚነግሠው «ሻንታ»፣ የመንፈስ እርጋታ፣ መሆኑን ለአንባቢው ያሳስባል። ይህ ከካሽሚር የሥነ ግጥም ሊቃውንት ጉባኤ የወጣ አነጋገር ነው። ያንን ጉባኤ ሳያውቁ ካልሃናን ማንበብ የመጽሐፉን እኩሌታ መጣል ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥንታዊው የተውኔት መጽሐፍ «ናትያሻስትራ» ኪነ ጥበብ በተመልካች ልብ የሚያሳድራቸውን ጣዕሞች፣ ማለትም ራሳዎችን፣ ስምንት አድርጎ ይቆጥራል፤ ፍቅር፣ ሳቅ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ጀግንነት፣ ፍርሃት፣ መጸየፍና አድናቆት ናቸው። በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን በካሽሚር ንጉሥ አቫንቲቫርማን ዘመን የኖረው አናንዳቫርዳና «ድቫንያሎካ» በተባለው ሥራው የግጥም ነፍስ በቀጥታ የተነገረው ሳይሆን የተጠቆመው ነው ሲል አስተማረ። ከዚህም አልፎ «ማሃባራታ»ን የሚያህል የጦርነት መጽሐፍ አንሥቶ አንድ ደፋር ፍርድ ሰጠ። ድል አድራጊዎቹ ሳይቀሩ መጨረሻቸው መከራ ስለሆነ፣ ሥራው ባጠቃላይ የሚጠቁመው ጀግንነትን ሳይሆን ምኞት ሲከስም የሚገኘውን እርጋታ ነው አለ። እንዲህ ያለው ንባብ የአንድን ታላቅ ሥራ ትርጉም ከፍጻሜው ተነሥቶ ይፈታል። በአሥረኛውና በአሥራ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የሺቫ እምነት ፈላስፋው አቢናቫጉፕታ ሐሳቡን አጸና፤ ሻንታን ዘጠነኛ ራሳ አድርጎ ተከራከረለት፣ መሠረቱንም የራስን እውነተኛ ማንነት በማወቅ ላይ አኖረው። በእሱ እጅ የሥነ ግጥም ጥያቄና የነፍስ አርነት ጥያቄ አንድ ሆኑ።

ካልሃና ይህን ትምህርት ወስዶ በእውነተኛ ነገሥታት ላይ ሞከረው። ሁለተኛው መጽሐፍ የሚዘጋው ዙፋኑን በፈቃዱ ትቶ በሚመንን ንጉሥ ነው። በሦስተኛው ውስጥ ባለቅኔው ማትሪጉፕታ ንጉሥ ከተደረገ በኋላ የሾመው ጌታ መሞቱን ሲሰማ መንግሥቱን ትቶ ወደ ቤናሬስ ይሄዳል። ታሪክ ፈላጊ አንባቢ እነዚህን እንደ ተረት ያልፋቸዋል፤ እኔ ግን የመጽሐፉ ምሰሶዎች ሆነው አገኛቸዋለሁ።

ዘዴው ከሁሉ ይልቅ ኃይሉን ያሳየው በሰባተኛው መጽሐፍ፣ በንጉሥ ሃርሻ (1089–1101) ታሪክ ነው። ሃርሻ ሙዚቃና ቅኔ አዋቂ ነበር። ገንዘብ ሲያልቅበት የቤተ መቅደሶችን ሀብት ዘረፈ፤ ጣዖታትን ለመንቀል ራሱን የቻለ ሹም ሾመ። የካልሃና አባት ቻምፓካ የዚህ ንጉሥ ሹም ነበር፤ አጎቱ ካናካ ደግሞ በፓሪሃሳፑራ የነበረውን ግዙፍ የቡድሃ ሐውልት በልመና አትርፏል። ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ማለት ነው። ታዲያ ካልሃና በዚህ ሰው ላይ ለመፍረድ አልቸኮለም። ቤተ መንግሥቱ ሲቃጠል፣ ባለሟሎቹ አንድ በአንድ ሲከዱት፣ በመጨረሻ ከአንድ ታማኝ አገልጋይ ጋር በመናኝ ጎጆ ውስጥ ተሸሽጎ ሲገደል ደረጃ በደረጃ ያሳየናል። ራሱ የተቆረጠውን፣ ራቁቱን የተጣለውን ንጉሥ አስከሬን የሚያቃጥልለት አንድ የእንጨት ነጋዴ ብቻ ነው። ካልሃና እዚህ ላይ ስለ ዓለም ከንቱነት መስበክ አላስፈለገውም፤ የእንጨት ነጋዴው ይበቃል። አናንዳቫርዳና ጥቆማ ያለው ይህን ነው።

የመጽሐፉን እኩሌታ ያህል የሚይዘው ስምንተኛው መጽሐፍ ግን ለዚህ ዘዴ አይገዛም። የሚተርከው ደራሲው በዐይኑ ያየውን ዘመን ነው፤ ዳማራ በሚባሉት ባለርስት የጦር አበጋዞችና በመንግሥት ጸሐፊዎች ላይ ያለው ምሬትም አይሸሸግም። ሴራ በሴራ ላይ ይደረባል፤ የገጸ ባሕርያቱ ብዛት አንባቢን ያደክማል። ብዙዎች ይህን የጥበብ ድካም ያደርጉታል። እኔ ምክንያቱን የማየው በትምህርቱ በራሱ ውስጥ ነው፤ ሻንታ ፍጻሜን ይፈልጋል። ካልሃና በ1150 ብዕሩን ሲያስቀምጥ ንጉሥ ጃያሲምሃ ገና በዙፋኑ ላይ ነበር፤ የሞተው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በሕይወት ያለ ንጉሥ ይወደሳል ወይም ይፈራል እንጂ በአናንዳቫርዳና መንገድ ከፍጻሜው ተነሥቶ ሊነበብ አይችልም።