ጅብ ያልመጣበት ሌሊት

ከአዳማ ተነስቶ ወደ አሰላ የሚጓዝ ሰው አዋሽ መልካሳን አልፎ ደራን ያገኛል። በቅርቡ ለለቅሶ እዚያ ደርሼ ስመለስ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ አንዲት የሞባይል ጥገና ሱቅ ደጃፍ ተቀመጥኩ። ሱቋ ቴሌብርም ትሠራለች። አንዲት እናት መጡና ስልካቸውን ለልጁ ሰጥተው «የተላከልኝን ብር አውጣልኝ፤ ቁጥሬ እኮ...» ብለው የሚስጥር ቁጥራቸውን ሰፈር በሚሰማው ድምፅ ሊጠሩ ጀመሩ።

ልጁ ስልኩን መለሰላቸው። «እማማ፣ ለኔም አይንገሩኝ። ለማንም አይንገሩ። ከባንክ ነው ብለው ቢደውሉልዎትም አይንገሩ።» በኦሮምኛም ደገመላቸው። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ራሳቸው እስኪነኩት ጠበቀ።

«ይህን ማን አስተማረህ?» አልኩት።

«የሃይስኩል የኮምፒዩተር አስተማሪያችን ነዋ ጋሼ። ከክፍል በኋላ አምስት ስድስት ልጆች ይዞ ያስጠናን ነበር። አሁን ማስተማሩን ትቶታል፤ ደመወዙ አላኖረው አለ፣ ወደ ንግድ ገባ።»

እሱም የመረጃ ደኅንነት መማር ይፈልጋል። ለአባቱ ሲነግራቸው ግን ደንግጠው «ደኅንነት? እኛ ቤትማ እንዲህ ያለ ነገር አይገባም!» አሉት አሉ።

ስቄ ዝም አልኩ። ግን በአባትየው አይፈረድም። ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ቃል ሲያንሸራትት ቶሎ ይታየኛል። በእኛ አገር «መረጃ» እና «ደኅንነት» የሚሉት ቃላት ጎን ለጎን ሲቆሙ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሙያው ግን ወሬ ማዳመጥ አይደለም። የሰው ገንዘብ፣ የሕክምና ካርድ፣ የፈተና ውጤት በማይገባው ሰው እጅ እንዳይገባ፣ ማንም እንዳይበርዘው፣ ባለቤቱ ሲፈልገውም እንዳያጣው መጠበቅ ነው። በአጭሩ ዘበኝነት ነው፤ የተማረ ዘበኝነት።

የዘበኛ ችግሩ ደግሞ ይታወቃል። ሥራው ሲሳካ ምንም አይፈጠርም። ጅብ ያልመጣበት ሌሊት ዜና አይሆንም። እኛ የምናውቀው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለውን ነው።

አንድ ሌሊት ላስታውሳችሁ። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ሰዎች የሌላቸውን ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። ዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ ተማሪው ከእንቅልፉ እየተነሳ ወደ ኤቲኤም ሮጠ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ፤ ከተወሰደው ገንዘብም ብዙውን አስመለሰ። ያልመለሱትንም ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ለጠፈ። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። የወሰዱትን በስም አወቅናቸው። በዚያ ሌሊት ተጠርተው ቀዳዳውን የዘጉት ባለሙያዎች ግን ስማቸው ሲጠራ አልሰማሁም። እነሱን ያስተማራቸውማ ማን ያስታውሰው!

ተቋምና ሕግ የለንም አልልም። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ዛሬ አስተዳደር የሚባለው ኢንሳ፣ በ1999 ዓ.ም. ተቋቁሟል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በ2008፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ወጥተዋል። ኢንሳ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች እየመረጠ በክረምት ያሠለጥናል። ይህ ደግ ሥራ ነው። ግን ስለ ሥልጠና የሚነገረንን ዜና ልብ በሉልኝ። የሠልጣኙ ቁጥር ይጠቀሳል፤ ሰርተፊኬት የሚያድሉት ኃላፊ በስምና በማዕረግ ይታያሉ። ጥቁር ሰሌዳው ፊት የቆመው ሰው የት አለ?

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ አዳማ ውስጥ እንዲህ ባለ የእውቅና መድረክ ላይ ተገኝቼ ነበር። አለቃው ለአለቃው ዋንጫ ሰጠ፤ ጋቢም ተደረበ። አሠልጣኞቹ ከኋላ ወንበር ሆነው አጨበጨቡ። ያኔ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት ትዝ አለኝ። እኛ ለመጠምጠሚያው ሸለምን፤ ለመማሩ ማን ይሸልም?

«ሙያው ስውር ነው፣ እንዴት ስም ይጠራል?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው፤ ዘበኛው የሚቆምበትን ቦታ ለሌባ አይነግሩም። የመምህሩ ክፍል ግን ሚስጥር አይደለም። አሜሪካኖቹ ከእኛ የበለጠ ሚስጥር አላቸው። ሆኖም አይ.ኤስ.ሲ.ስኩዌርድ የሚባለው የሙያው ማኅበር ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመንግሥታቸው የመረጃ ደኅንነት ሰዎች ለዓመታት ሽልማት ይሰጥ ነበር፤ ከዘርፎቹም አንዱ የሰው ኃይልን ላጎለበተ ነበር። ማሽን ለገዛ ሳይሆን ሰው ላበቃ ማለት ነው።

ደግሞ ይህን ከአሜሪካ መማር አያስፈልገንም ነበር። የቅኔ ቤቱን ተመልከቱ። አንድ ሊቅ ከማን እንደተማረ፣ መምህሩም ከማን እንደተማረ ሐረጉ ይቆጠራል። የመምህሩም ክብር ስንት ደቀ መዝሙር ለመምህርነት እንዳበቃ ታይቶ ነው። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው በጎ ሰው ሽልማትም መምህርነትን ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርጎ መሸለሙ ከዚሁ ልማድ ጋር ይሄዳል።

እንግዲህ ዋንጫ የምታድሉ ሰዎች፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጨምሩልኝ። «እርስዎ ነገ ቢሄዱ በቦታዎ የሚቆሙ ስንት ሰዎች አፍርተዋል?» በሉ። መልስ ያለው ዋንጫውን ይውሰድ፤ ኃላፊም ቢሆን ቅር አይለኝም። መልስ የሌለው ጋቢውን ብቻ ይዞ ይሂድ፤ ብርድ ነውና።

የደራው መምህር ለጥያቄው መልስ ነበረው። አንዷን መልስ እኔ ራሴ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ አይቻለሁ። ችግሩ ጠያቂው ሳይመጣ እሱ ክፍሉን ለቆ መሄዱ ነው። ሚኒባሷ ስትንቀሳቀስ ዞር ብዬ አየሁ፤ ልጁ ለሌላ ሰው «ለኔም አይንገሩኝ» እያለ ነበር።