ክብሩን ወስደን፣ ዜናውን ትተን

መቼም ቦሌ ላይ ሰሎሞንና ሳባ ያልገቡበት ንግድ የለም። ሆቴል ይሆናሉ፣ ፀጉር ቤት ይሆናሉ። ወደ ገርጂና አያት ሲዘልቁ ደግሞ ጽዮን አለች፤ አንዴ ክሊኒክ፣ አንዴ መዋዕለ ሕፃናት። የዚህ ሁሉ ታፔላ ባለውለታ አንድ መጽሐፍ ነው፤ ክብረ ነገሥት። ሳናነበው የምናውቀው መጽሐፍ ቢኖር እሱ ነው።

እንደ አንድ የቀድሞ የሥነ ጽሑፍ መምህር ከተጠየቅሁ፣ ክብረ ነገሥት በአተራረኩ የተዋጣለት ነው። ንግሥቲቱ ጥበብ ፍለጋ ትሄዳለች፤ ልጇ አድጎ አባቱን ሊያይ ይወርዳል፤ ሲመለስ ታቦተ ጽዮን አብራው ትመጣለች። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በግእዝ የተጻፈው ይኸው ትረካ የነገሥታቱ የዘር ሐረግ ሆኖ እስከ 1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ድረስ ዘልቋል። ይህን ያህል ሥልጣን ያገኘ ትረካ በዓለም ላይ ጥቂት ነው።

ቅር የሚለኝ ትረካው የመረጠው ነገር ነው። የእስራኤልን ክብር ከሰሎሞን ዙፋን ላይ አንስቶ አክሱም ያደርሰዋል። ከዚያስ ኢየሩሳሌም ምን ሆነች? መንግሥቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሰሜኑን አሦር በ722፣ ደቡቡን ባቢሎን በ586 ከክርስቶስ ልደት በፊት ወሰዱት። ፋርስ ምርኮኞቹን መለሰ፤ ግሪክ ተከተለ፤ ሮም ጨረሰው። ይህ ሁሉ የክብረ ነገሥት ዋና ጉዳይ አይደለም። እንዲያውም መጽሐፉ ወደ ማብቂያው የሮምና የኢትዮጵያ ነገሥታት ዓለምን ተካፍለው በአይሁድ ላይ እንዲነሱ ያደርጋል። ክብሩን ወረስን፤ ባለቤቶቹን ጠላት አደረግን።

የተረፈውን ታሪክ የሚነግረን ሌላ የግእዝ መጽሐፍ ግን በእጃችን አለ፤ ዜና አይሁድ፣ ወይም ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቡብ ጣሊያን ውስጥ በዕብራይስጥ ተጽፎ፣ በዐረብኛ በኩል ወደ እኛ የደረሰ ነው። ታፔላ የሚሆን ስም አይገኝበትም። የሚገኘው መከራ ነው። ሂርካኖስና አርስጦቡሎስ የሚባሉ ወንድማማቾች በዙፋን ተጣልተው ወደ ሮማዊው የጦር አዛዥ ወደ ጶምፔ ለዳኝነት ይሄዳሉ። እሱም በ63 ከክርስቶስ ልደት በፊት መጣ፣ ዳኘ፣ ሮምም በዚያው ቀረች! እ.ኤ.አ. በ70 ደግሞ ቲቶ ኢየሩሳሌምን ከቦ ሳለ፣ ውስጥ ያሉት በቡድን ተከፋፍለው ይተላለቃሉ፤ የገዛ እህላቸውን ጎተራ ያቃጥላሉ። ከበባው ከውጭ፣ ረሃቡ ከውስጥ።

እንግዲህ ልጠይቅ፤ ዘመነ መሳፍንትን ላየች፣ ዛሬም ወንድም ከወንድሙ ለሚታኮስባት አገር የቱ መጽሐፍ ይበልጥ ይጠቅማል? የማን ልጅ እንደሆንን የሚነግረን ነው ወይስ ቤት እንዴት እንደሚፈርስ የሚያሳየን?

ምርጫችን ዋጋ አስከፍሏል፤ የከፈሉት ግን ሌሎች ናቸው። ጎንደርና ሰሜን ውስጥ ኦሪትን ይዘው የኖሩት ቤተ እስራኤል ርስት ተነፈጉ፤ «ፈላሻ» ተባሉ። ማረሻችንን የሚቀጠቅጠውን፣ ድስታችንን የምትሠራውን «ቡዳ» አልናቸው። የመጽሐፉን እስራኤላዊ በግንባራችን ተሸክመን የጎረቤታችንን ዓይን ፈራን። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከዚሁ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በሠላሳ ስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ተሳፍረው ሄዱ። የዘመቻው ስም ምን ነበር? ሰሎሞን!

ምኒልክ ከኢየሩሳሌም መጣ የሚለውን ትረካ ስድስት መቶ ዓመት በላይ አነበብነው። ከቦሌ ወደ ኢየሩሳሌም የሄደውን ሕዝብ ታሪክ ግን ገና በቅጡ አልጻፍነውም። የሚጽፈው ሰው ሲገኝ አደራ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ርዕሱ ላይ «ክብር» የሚል ቃል አይግባ። «ዜና» ይበቃል።