ከላይ እስከ ታች 20

ሆስፒታል ውስጥ ዘመድ የሚያስታምሙ ሰዎች ነርስ ሲያወድሱ በሰማሁ ቁጥር እናደዳለሁ። «እጇ ቀላል ነው፤ መርፌው መግባቱ እንኳ አልታወቀኝም» ይላሉ። «ሳቂታ ናት፣ ፈጣን ናት፣ እናቴ እያለች ነው የምታዋራኝ» ይላሉ። ለተግባር ልምምድ ወደ ዋርድ የሚመጡት ተማሪዎች ደግሞ ይብሳሉ። እነሱ የሚያደንቁት ሠላሳ አልጋ ዞሮ፣ ቫይታል ሳይን ለክቶ፣ ከሻይ ሰዓት በፊት የጨረሰውን ነው። በግማሽ ሰዓት ሠላሳ ሰው! ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ ማለት ነው። በዚያች አንድ ደቂቃ የደም ግፊት መለኪያው ታስሮ፣ ተነፍቶ፣ ተፈቶ፣ ሙቀት ተለክቶ፣ የልብ ምት ተቆጥሮ፣ ሁሉም ተጽፏል ማለት ነው። አልተደረገም። ሒሳቡ አይፈቅድም።

እጅ ስለ መታጠብ፣ ጓንት ስለ መቀየር፣ መድኃኒት ከመስጠት በፊት ስምና ካርድ ስለ ማመሳከር እዚህ አላወራም። ይህን የማታደርግ ነርስ ሥራዋ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ተብሎ ሊመዘን አይችልም። ደም ሥር ውስጥ ስለሚገባው ቀጭን ቱቦ፣ ስለ ካኑላም የምለው አጭር ነው። ደም ሥር በአንድ ሙከራ ማግኘት የእጅ ልምድ ነው፤ ዓመት ሁለት ዓመት የሠራ ሁሉ ይደርስበታል። ሙያው የሚታየው በማግስቱ ነው፤ ፕላስተሩ ላይ የገባበት ቀን ተጽፏል ወይ? መድኃኒቱን ከመግፋቷ በፊት ቦታውን በጣቷ ዳስሳ «ያምሃል?» ትላለች ወይ? ራሱን ማገላበጥ የማይችል ታማሚ ካላችሁ ደግሞ ጅራት አጥንቱንና ተረከዙን ገልጣ ማየቷን ተመልከቱ። ፊቱን አጥባ፣ አንሶላውን ወጥራ፣ ጀርባውን ሳታይ የሄደች ነርስ አላስታመመችም።

አንድ ነገር ብቻ አይተሽ ፍረጂ ብባል ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልጠይቅም። የቫይታል ሳይኑን ወረቀት አምጡልኝ እላለሁ። የሙቀቱን፣ የልብ ምቱንና የደም ግፊቱን ዓምድ አልፌ በቀጥታ ወደ ትንፋሹ እሄዳለሁ። እዚያም ብዙ ጊዜ የማገኘው አንድ ነው፦ 20፣ 20፣ 20፣ 20። የሳንባ ምች የያዛቸው ሽማግሌ 20። ትናንት የተገላገለችው ወጣት 20። እግሩ ተሰብሮ ጋዜጣ የሚያነበው ጎረምሳም 20።

ይህች ቁጥር በአጋጣሚ አልተመረጠችም። ጤነኛ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። 20 የሚል ወረቀት የያዘች ነርስን ማንም አይጠይቃትም፤ ሐኪሙም በራውንድ ሰዓት ዓይኑን ሳያሳርፍ ያልፈዋል። ሌላው ልኬት ሁሉ መሣሪያ አለው። ቴርሞሜትሩ ለሙቀት፣ መለኪያው ለግፊት፣ ጣት ላይ የሚሰካው ፐልስ ኦክሲሜትር ለኦክስጅንና ለልብ ምት። ለትንፋሽ ግን በአብዛኛው ዋርዳችን ያለን መሣሪያ ዓይን፣ ሰዓትና አንድ ሙሉ ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ነርስ ብቻዋን ስትሆን ምን እንደምትሠራ የሚነግረኝ ይህ ዓምድ ነው።

አንባቢው ነርስ ባይሆንም የሚጠቀምበትን መንገድ ልንገር። ጎዶሎ ቁጥር ፈልጉ። ለ15 ሰከንድ ብቻ ቆጥሮ በአራት የሚያባዛ ሰው የሚያገኘው እንደ 12፣ 16፣ 20፣ 24 ያለ ለአራት የሚካፈል ቁጥር ነው፤ ሌላ ሊያገኝ አይችልም። ለ30 ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ያባዛ ሰው ደግሞ ለሁለት የሚካፈል ቁጥር እንጂ ሌላ አይጽፍም። 17 የጻፈች ነርስ፣ 23 የጻፈች ነርስ፣ ሙሉ ደቂቃ ቆማ ቆጥራለች። የአንድ ሳምንት ወረቀት አገላብጬ አንድም ጎዶሎ ቁጥር ካጣሁ በዚያ ዋርድ ትንፋሽ የሚቆጥር የለም እላለሁ። በዚህ አቋሜ ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬያለሁ፤ የሚያስለውጠኝም አላገኘሁም።

የደም ግፊቱ ደግሞ በተቃራኒው ነው። በእጅ የሚነፋው መለኪያ የተሠመረው በሁለት በሁለት ስለሆነ ከእሱ ላይ 117 ሊነበብ አይችልም። 117 ካያችሁ ወይ የተለካው በኤሌክትሪኩ መለኪያ ነው፣ ወይ አልተለካም። ሁሉም በዜሮ የሚያልቅ ከሆነ፣ 120/80፣ 110/70፣ 130/80 እያለ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ በግምት ተጠጋግቷል። የሰዓቱንም ዓምድ እዩት። ሠላሳው ታማሚ ሁሉ ልክ ከጠዋቱ 12:00 ላይ ሊለካ አይችልም። 12:00፣ 12:04፣ 12:09 የሚል ወረቀት ሳይ ጸሐፊዋን ሳላያት አከብራታለሁ።

ለምን ይህን ያህል እንደምከርር የሚጠይቁኝ አሉ። በአንድ ሆስፒታል፣ ስሙ ይቅር፣ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወጣት ነበር። በሦስተኛው ሌሊት እናቱ ተረኛዋን ነርስ ሁለት ጊዜ ጠሯት፤ «ልጄ እያለከለከ ነው» አሏት። ወረቀቱን አየች። «ደህና ነው እናቴ፣ ሕመሙ ነው ያስጨነቀው» ብላቸው ተመለሰች። ጠዋት ለርክክብ ስገባ ገና ከበሩ ላይ ሆኜ የደረቱን አነሳስ አየሁና ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ። 38 ነበር። ወረቀቱ ላይ ሌሊቱን ሙሉ በአንድ እስክሪብቶ 20 ተጽፏል። የደም ግፊቱ ያኔ 110/70 ነበር፤ መውደቅ የጀመረው ረፋድ ላይ ነው። ልጁ አልተረፈም።

ግፊቱን ብቻ የምታይ ነርስ እንዲህ ነው የምትታለለው። ኢንፌክሽን ደም ውስጥ ሲገባ ሰውነት አሲድ ያጠራቅማል፤ አንጎልም ያንን ለማስወጣት ፈጥነህ ተንፍስ ብሎ ያዛል። የወጣት ሰው የደም ሥር ደግሞ ራሱን አጥብቦ ግፊቱን እስከ መጨረሻው ድረስ ሊይዘው ይችላል። ኦክሲሜትሩም 96 ሊያሳይ ይችላል፤ ታማሚው ያንን 96 የገዛው በዚያ ማለክለክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የዚህ ሕመም፣ የሴፕሲስ፣ ዓለም አቀፍ ትርጓሜ ሲሻሻል፣ ላቦራቶሪ ሳያስፈልግ አልጋ አጠገብ እንዲታዩ የተመረጡት ምልክቶች ሦስት ናቸው፦ የንቃት መለወጥ፣ የላይኛው የደም ግፊት 100 ወይም ከዚያ በታች መሆን፣ ትንፋሽ በደቂቃ 22 ወይም ከዚያ በላይ መሆን። 20 እና 22! የሐሰቷ ቁጥር ከአደጋው ምልክት በታች ሁለት ትንፋሽ ብቻ ነው የምትርቀው።

ማዋለጃ ክፍል ደግሞ አደጋው በሌላ በኩል ይመጣል። በእርግዝና ምክንያት ግፊቷ ለጨመረና ለምትንቀጠቀጥ እናት ማግኒዥየም ሰልፌት ይሰጣል። ቀጣዩ መጠን ከመሰጠቱ በፊት ትንፋሿ በደቂቃ ቢያንስ 16 መሆኑ፣ የጉልበቷ ሪፍሌክስ አለመጥፋቱ፣ ሽንቷ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መውረዱ ይታያል። መድኃኒቱ በደሟ ውስጥ ሲበዛ መጀመሪያ ሪፍሌክሱ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ትንፋሹ ይደክማል። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት አጠገቧ ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት። ትንፋሿ 11 የደረሰን እናት 20 ብሎ ጽፎ ቀጣዩን መርፌ መውጋት ምን እንደሚያስከትል ለማንም ማስረዳት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

ሕፃናት ላይ ቆጠራው ራሱ ምርመራ ነው። ሁለት ወር ላልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለው 50፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለው 40 ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። ገጠር ጤና ኬላ ላይ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሳንባ ምችን የምትለየው በዚህ ነው። ራጅ የላት፣ ላቦራቶሪ የላት፤ ልጁን እናቱ እቅፍ ላይ አድርጋ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች። በከተማ ሆስፒታል ዲግሪ ይዘው ከማይቆጥሩት ይልቅ የእሷን ወረቀት አምናለሁ።

አቆጣጠሩም ሙያ አለው። ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ያወቀ ሰው አተነፋፈሱን ይለውጣል። ስለዚህ የምትችለው ነርስ የልብ ምቱን ቆጥራ ስትጨርስ እጁን አትለቅም። ጣቷ አንጓው ላይ እንዳለ ዓይኗን ወደ ደረቱ ትመልሳለች፤ ታማሚው ምቱን እየቆጠረች ይመስለዋል። ጋቢ ተከናንቦ ከሆነ የራሱን ክንድ ደረቱ ላይ አጋድማ የክንዱን መነሳት ትቆጥራለች። እየቆጠረች አታወራም። «ስንት ልጆች አሉዎት?» እያለች የቆጠረችው ቁጥር ዋጋ የለውም፤ የሚያወራ ሰው ትንፋሽ አይቆጠርም።

ይህን ያስተማሩኝ የመጀመሪያዋ አለቃዬ ናቸው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ጀምሮ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን ሲያሠለጥን እዚያ ከወጡት የኅብረተሰብ ነርሶች አንዷ ነበሩ። ሰዓታቸው ደረታቸው ላይ ተገልብጦ የሚንጠለጠል ነበር፤ ሁለቱንም እጃቸውን ለታማሚው ይተዉለት ነበር። ተማሪ ቆጥሮ እንዲጽፍ ያደርጉና ወዲያው ራሳቸው ይቆጥራሉ። ልዩነቱ ከሁለት ከበለጠ ተማሪው እንደገና ይጀምራል። ዓምዱ አንድ ዓይነት ሆኖ ያገኙት ቀን ግን ቁጣ የለም፣ ስብከትም የለም። ወረቀቱን ይዘው ተማሪውን ከአልጋ አልጋ ያዞሩታል፣ በእያንዳንዱ ፊት ያስቆጥሩታል፣ ትክክለኛውን ቁጥር ከ20ው ጎን በቀይ ያስጽፉታል። እንዲህ ያለፈ ሰው ዳግመኛ አይዋሽም። ዛሬ ተማሪን ታማሚ ፊት ማረም ማዋረድ ነው የሚሉኝ አሉ፤ አልስማማም። ስሕተቱ የተጻፈው በታማሚው ስም ነው።

ከእኚህ አለቃዬ ጋር በሠራሁበት ሆስፒታል የሕፃናት ክፍሉን ሌሊት የሚይዙ አንድ አዛውንት ድሬሰር ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ኮሌጅ አልገቡም፤ ሙያውን የተማሩት እዚያው ዋርድ ውስጥ ነው። ልጁ ሲያለቅስ ወይም ሲጠባ አይቆጥሩም፤ እስኪረጋ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ ልብሱን ገልጠው፣ ሆዱን እያዩ፣ በያንዳንዱ ትንፋሽ የመቁጠሪያቸውን አንዲት አንዲት ፍሬ ያሳልፋሉ። ቁጥሩን ጣታቸው ስለያዘላቸው ዓይናቸው ከልጁ አይነሳም ነበር። የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ሲሰረጎድ፣ አፍንጫው ሲነፋ የሚያዩትም ለዚህ ነው። ሐኪሞቹ ጋሼ «ይህ ልጅ አላማረኝም» ካሉ ከእንቅልፋቸው ተነስተው ይመጡ ነበር። ከእሳቸው በኋላ እንዲህ የታመነ ሰው አላየሁም።

ሥራው እንደሚበዛ አውቃለሁ። አንዲት ነርስ ሌሊቱን ሠላሳና ከዚያ በላይ ታማሚ ይዛ፣ መድኃኒት አድላ፣ አዲስ ታማሚ ተቀብላ፣ የሞተ አሰናድታ፣ ሁሉንም በየአራት ሰዓቱ ልትቆጥር አትችልም። አልጠይቃትምም። የምጠይቃት ያልቆጠረችውን እንዳትጽፍ ነው። የሚያስፈራውን ለይታ ለእሱ ትቁጠር፤ የቀረውን ባዶ ትተወው። ባዶ ቦታ እውነት ነው፤ የሚቀጥለው ተረኛ አይቶት ይለካል። 20 ግን ሥራውን ይዘጋዋል፤ ተሠርቷልና ማንም አይመለስበትም። ጥፋቱ የነርሷ ብቻ አይደለም። ወረቀት የሚመረምሩት አለቆች የሚቆጥሩት ባዶ ሳጥን ነው፤ የተሞላው እውነት ይሁን አይሁን አይጠይቁም። ባዶ በማስቀመጧ የምትገሠጽ ነርስ መሙላት ትማራለች። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻም አይደለም፤ አሜሪካ ሄደው በነርስነት የሚሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼም እዚያ 18 እየተባለ እንደሚሞላ ይነግሩኛል።

ስለዚህ አስታማሚዎች ሆይ፣ ሌሊት ዘመዳችሁ አጠገብ ስትቀመጡ «ከበደው» ብላችሁ አትጥሩ። ስልካችሁ ላይ ሰዓት አለ። ደረቱ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ እያላችሁ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩና «ሲስተር፣ 34 ቆጥሬያለሁ» በሏት። ያኔ የምታደርገውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ጥሩዋ ነርስ ቁጥራችሁን አትቀበልም፣ አትከራከርምም፤ ወደ አልጋው ሄዳ ራሷ ትቆጥራለች። ወረቀቱን አንስታ «እዚህ 20 ነው የሚለው» ካለቻችሁ ግን ሳቂታም ብትሆን፣ እጇ ቀላልም ቢሆን፣ ተረኛው ሐኪም የት እንዳለ ጠይቃችሁ ራሳችሁ ሂዱና ቀስቅሱት።